መኪናዬን ወደ ሲንግል አስቀየርኳት፤ የቆጠብኩት በወር 3 ሊትር ተኩል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ነዳጅ ዋጋና ስለ ማደያ ወረፋ ብዙ ሰው ይጽፍላችኋል። እኔ ደግሞ ስለ ጋራዥ ልጽፍ ነው። በተለይ ደብል ዲፈረንሻል፣ ማለትም አራቱንም ጎማ የምትጎትት መኪና ላላቸው አንባቢዎቻችሁ። እኔ የሠራሁትን እንዳይሠሩ፣ ከሠሩም ምን እንደሚጠብቃቸው አውቀው እንዲሠሩ ብዬ ነው።

51 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቤቴ አየር ጤና፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ። የምነዳው በፈረንጆች 1998 የተሠራች ባለ አምስት በር ራቭፎር ነው፣ ማንዋል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በ2001 ዓ.ም. አብረን የገዛናት ናት። ሁለቱን ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሼባታለሁ። እሱንም ሲታመም ሐኪም ቤት ያመላለስኩት በእሷ ነው። ስለዚህ ይቺን መኪና እንደ ዕቃ ብቻ አላያትም።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ሁላችንም ደነገጥን። በ2017 ዓ.ም. ገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ደመወዜ እንደዚያ አልጨመረም። መኪናዋን ሸጬ ሌላ ልግዛ ብልም የሚሆን አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ደግሞ አቅሜ አይችለውም። የቀረኝ ያለችኝ መኪና ትንሽ እንድትጠጣ ማድረግ ነበር።

የካቲት 2017 ላይ ዘይት ልቀይር ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። በሊትር ስንት ትሄድልዎታለች ብሎ አንድ ወጣት መካኒክ ጠየቀኝ። ሰባት ተኩል ገደማ አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ማዘር፣ ይቺ እኮ ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ነው የምትጎትተው። አስፋልት ላይ ምን ያደርግልዎታል? ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ዘንግ እናውጣልዎ፣ በፊት ጎማ ብቻ የምትሄድ ሲንግል ትሆናለች። ቤንዚኑ ሩብ ያህል ይቀንሳል። አገር ቤት መሄድ ሲፈልጉ ይምጡ፣ በግማሽ ሰዓት መልሰን እንገጥመዋለን። ሲፈልጉ ደብል፣ ሲፈልጉ ሲንግል» አለኝ።

ሩብ! የወር ቤንዚኔን በአራት ከፍዬ በጭንቅላቴ አሰብኩት። ደስ አለኝ። እሺ አልኩት። ለሥራው 4 ሺህ ብር ከፈልኩ። ረጅሙን ዘንግ ከሥር አውጥተው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። አንድ ነገር ብቻ በደንብ አደረግኩ፤ ዘንጉን ስጡኝ ብዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩ። አብረው የወጡትን ቡሎኖችም በፌስታል ተቀበልኩ።

ከጋራዡ ልወጣ ሞተር አስነሣሁ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። ኋላ ማርሽ አስገባሁ፣ አሁንም የለም። ወጣቱ መካኒክ እየሮጠ መጣና በመስኮት እጁን አስገብቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የዲፈረንሻል መቆለፊያ ቁልፍ ተጫነ። አንዲት ቢጫ መብራት በራች። መኪናዋ ሄደች። «ይቺን እንዳይነኳት፣ ሁልጊዜ እንደተጫነች ትቆይ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የማይገባኝ ቁጥር ካየሁ ሳልጠይቅ አልፈርምም፤ ለመኪናዬ ግን አልጠየቅኩም።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳ። የእኔ ዓይነቷ ራቭፎር ካምቢዮ ውስጥ መሀለኛ ዲፈረንሻል አላት። ሥራው የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ማከፋፈል ነው። ሁለት በሬ ቀንበር ላይ እንደማለት ነው። አንዱን በሬ ብትፈቱት የቀረው በሬ ማረሻውን አይጎትትም። ቀንበሩ በባዶው በኩል ይዞርና ሁሉም ቆሞ ይቀራል። መኪናዋም የኋላውን ዘንግ ስታጣ ኃይሉ ሁሉ ምንም ወደማይጎትተው ጫፍ ፈሰሰ። ቁልፏን ሲጫናት መሀለኛው ዲፈረንሻል ታሰረ፣ ኃይሉም ወደ ፊት ጎማ ለመሄድ ተገደደ። ይቺ ቁልፍ ግን የተሠራችው ጭቃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እንድትረዳ ነው። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ተጭኜ ነዳሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ እሱ የእኔ ሙያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቤንዚን የምንከፍለው በስልክ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ክፍያ መልእክት አለኝ። ከየካቲት በፊት ያሉትን መልእክቶች ወደ ኋላ እየገለበጥኩ፣ መኪና ውስጥ ከማስቀምጠው ደብተር ጋር አመሳከርኩ። ማደያ በገባሁ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን የመጻፍ ልማድ አለኝ። ከዚያ መጋቢትን፣ ሚያዝያንና ግንቦትን ፉል እያስደረግኩ መዘገብኩ።

ዘንጉ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ሊትር 7.6 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። ከወጣ በኋላ 7.9። በቃ ይኸው ነው። እኔ በወር 700 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። ልዩነቱ በወር 3 ሊትር ተኩል ነው። በ101 ብር ከ47 ሳንቲም ስናባዛው 355 ብር ይሆናል። የከፈልኩትን 4 ሺህ ብር ብቻ ለመመለስ አሥራ አንድ ወር ይፈጃል። ለማወዳደር እንዲመቸኝ ዋጋውን በሁሉም ወር አንድ ዓይነት አድርጌ ነው ያሰላሁት። ሩብ የተባለው አራት በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ለምን እንደዚህ አነሰ? ዘንጉ ቢወጣም የኋላ ጎማዎቹ ከኋላ ዲፈረንሻል ጋር እንደተያያዙ ናቸው። መኪናዋ ስትሄድ ጎማዎቹ የዲፈረንሻሉን ጥርሶች እያዞሩ፣ ዘይቱን እያናወጡ ነው የሚሄዱት። የቀነሰው የዘንጉ ክብደትና ትንሽ ፍትጊያ ብቻ ነው። መኪናዋ ራሷ ያው ናት። ጦር ኃይሎች ላይ ቆሞ ሞተር ማስጮኽም ያው ነው። በአዲስ አበባ ትራፊክ ቤንዚን የሚጨርሰው ቆሞ መጠበቅ፣ መነሣትና እንደገና መያዝ ነው። ያንን የዘንግ መውጣት አይለውጠውም።

ክረምቱ ሲገባ ሌላው ጎኑ መጣ። ወደ ቤቴ የሚያስገባው መንገድ የኮብልስቶን ዳገት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላስበው የወጣሁት ዳገት ነው። ሰኔ ላይ ዝናብ በዘነበ ቀን የፊት ጎማዎቼ ድንጋዩ ላይ መፈተል ጀመሩ። መሪው ከእጄ ሊወጣ ይታገለኛል። አንድ ቀን ማታ ከኋላዬ ሚኒባስ ተጠግቶኝ እያለ መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ያን ቀን ልጄ አጠገቤ ነበረች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጎሚስታ ዘንድ ስሄድ የፊቶቹ ጎማዎች ጥርስ አልቋል። የኋላዎቹ ደህና ናቸው። ድሮ አራቱ የሚካፈሉትን ሥራ ሁለቱ ብቻቸውን ስለሠሩት ነው።

ከዚያ መስቀል መጣ። እኛ ቤት መስቀል ማለት አገር ቤት ማለት ነው። ከእምድብር ወጣ ብሎ ነው መንደራችን። መስከረም 2018 ከመሄዴ በፊት ዘንጉን ላስገጥም ጋራዡ ሄድኩ። ተዘግቷል። ልጆቹም እንደኔው ለመስቀል አገራቸው ገብተዋል። በግማሽ ሰዓት እንገጥመዋለን የተባለው ነገር እንዲህ ሆነ። ሲንግል ላይ እንዳለች ልጆቼን፣ እህቴንና ለዘመድ የያዝነውን ዕቃ ሁሉ ጭኜ ተነሣሁ። ዓለም ገናን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን፣ ወልቂጤን አስፋልት ላይ ምንም ሳይገጥመን አለፍን። እምድብርም ደረስን። ወደ መንደሩ የሚገባው የአፈር መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን።

ጀፎረን ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። በጉራጌ መንደር ሁለቱ ወገን ቤቶች ተፋጠው የሚቆሙበት ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከብት ያልፍበታል፣ ሠርግ ይሠረግበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ደመራውም እዚያው ይቆማል። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ሽማግሌዎች ዳር ድንበሩን ይጠብቁታል። ልጅ ሆኜ እዚያ ሣር ላይ በባዶ እግሬ ነው ያደግኩት።

የአጎቴ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ጀፎረው ዳገት ይዟል፣ ሣሩ ረጥቧል። ከኋላ ስድስት ሰው የሚያህል ክብደት ተጭኗል። የፊት ጎማዎቼ ከበዱኝ ሳይሆን ቀለሉ፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ነዋ። ነዳጅ ስሰጣት ፈተሉ። ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ እንደገና ሰጠኋት። ሣሩ እየተነቀለ በመስተዋቱ ላይ ተረጨ። ወርጄ ሳየው ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሁለት ቦይ ተቆፍሯል፣ የእያንዳንዱ ርዝመት ሁለት ክንድ ይሆናል። ቀይ አፈሩ ወጥቶ ውኃ ቋጥሮበታል። አረንጓዴው መሀል ልክ እንደ ቁስል።

የመንደሩ ልጆች መጡ። ስምንት ሆነው ገፉን። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከደጁ ወረደ። መጀመሪያ፣ «ልጄ፣ እናንተ ደህና ናችሁ? የተጎዳ የለም?» አለኝ። ደህና ነን አልኩት። ከዚያ ቦዮቹን ዝም ብሎ አያቸው። ምንም አልተናገረኝም። ተንበርክኮ አንድ የተገነጠለ ሣር ከነአፈሩ አንሥቶ ቦታው ላይ መለሰ፣ በመዳፉም ተጫነው። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ አጠገቡ ተንበረከክኩ። በዓሉ ያለፈልኝ እሱን እያሰብኩ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ወልቂጤ ነው የሚኖረው። 27 ዓመት የፕሮጀክት መኪና ሾፌር ነበር። በማግስቱ መጥቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ድምፁ ከሥር፣ «አንቺ፣ ይቺ መኪና እኮ ግማሽ አካሏ የለም!» አለኝ። ነገርኩት። ወጥቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠና ረጅም ሰዓት አስረዳኝ። አብዛኛውን እዚህ የምጽፈውን የተማርኩት ከሱ ነው።

እሱ የነዳት ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ከፋብሪካው ጀምራ ሾፌሩ የሚመርጥባት ናት። አስፋልት ላይ በኋላ ጎማ ብቻ ትሄዳለች። ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ ይወርድና በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሀል ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጁ ያዞራል፣ ከዚያ ማርሿን ያስገባል፤ ከባሰም ሪዶታ፣ ማለትም ጉልበት የሚጨምረው ዝቅተኛ ማርሽ አለ። «ለምን ጎማው ላይ መቆለፊያ አስፈለገ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። መቆለፊያው ካልተፈታ ጎማው ራሱ ዘንጉንና የፊት ዲፈረንሻሉን እያዞረ ስለሚሄድ ነው። ኃይሉን በአንድ በኩል መቁረጥ ብቻ አይበቃም። ጎማው ጋም ካልተቆረጠ ብረቱ ሁሉ በከንቱ ይዞራል። የእኔ መኪና የኋላ ጎማዎች እንዲህ ዓይነት መቆለፊያ የላቸውም። ጋራዡ ያደረገልኝ ግማሹን ብቻ ነው።

በትክክል የሚቀየሩ መኪናዎች የሉም ማለቴ አይደለም። ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ የምትጎትተው ላንድክሩዘር 80 ለምሳሌ ከአውስትራሊያ የሚመጣ መቀየሪያ ዕቃ አላት። መሀለኛው ዲፈረንሻል በድፍን ብረት ይተካል፣ የፊት ጎማዎቹም በእጅ የሚፈታና የሚቆለፍ መቆለፊያ ይገባላቸዋል። ያኔ መኪናዋ በእውነት ሲፈልጉ ደብል፣ ሲፈልጉ ሲንግል ትሆናለች። ግን ከዚያ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ ደብል ማስገባት አይቻልም። ፊትና ኋላው ስለሚታሰር ስትጠመዝዙ ብረቱ ይጨናነቃል። ይህን ለሾፌሩ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ቶዮታም ራሱ በፈረንጆች 2019 ሞዴል ራቭፎር አንዳንዶቹ ላይ ዘንጉን ከፊትም ከኋላም የሚያላቅቅ አሠራር አስገብቷል፤ በማይፈለግበት ጊዜ ዘንጉ ጭራሽ መዞሩን ያቆማል። ከፈረንጆች 2006 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ራቭፎሮችም ኋላውን የሚጠሩት ሲያስፈልግ ነው። የእነዚህን ዘንግ ማውጣት የሚሰጠው ነገር ከእኔም ያነሰ ነው።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የደረሰው በጎረቤቴ ላይ ነው። የእሱ ራቭፎር በፈረንጆች 2003 ሞዴል፣ አውቶማቲክ ናት። በእኔ ተበረታቶ፣ እኔም አይዞህ ብዬው፣ እሱም ዘንጉን አስወጣ። የእሱ ዓይነት መሀለኛ ዲፈረንሻል በቁልፍ የሚታሰር አይደለም። ውስጡ ወፍራም ፈሳሽ ያለበት ማያያዣ ነው ልዩነቱን የሚይዘው። ኋላው ባዶ ሲሆን ያ ፈሳሽ ያለ ዕረፍት እየተፋተገ ይግላል። በሁለተኛው ወር ወደ ሥራ ሲሄድ ሽታ ሸተተው። ከዚያ መኪናው መጎተት አቃተው። ዘንጉንም ጋራዡ ትቶት ስለነበር ሊመለስለት አልቻለም። ይህን ሰው ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሰበራል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እሱም ይቅር ብሎኛል፣ መኪናው ግን ቆማለች።

ከመስቀል ስመለስ ወንድሜ የነገረኝን አንድ አዛውንት መካኒክ ፈልጌ አገኘሁ። ዘንጉን ይዤላቸው ሄድኩ። ገጠሙት። ጎማዎቹንም አዩና፣ የፊቶቹ ስላለቁ ፊትና ኋላው እኩል አይዞሩም፣ መሀለኛው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ሊሠራ ነው አሉኝ። አራቱንም ቀየርኩ። ይህ ወጪ ከ4 ሺህ ብሩ ጋር ሲደመር ሰባት ወር የቆጠብኩትን ሁሉ ብዙ ጊዜ እጥፍ አድርጎ በላው።

ከዚያ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። አዛውንቱ፣ «ቤንዚን ስለምትበላ ነው ያስወጣሁት» ስላቸው፣ ነገ ጠዋት ሞተሩን እንዳታስነሺው፣ እኔው መጥቼ አስነሣታለሁ አሉኝ። በማግስቱ በጠዋት እሳቸው ራሳቸው አየር ጤና ድረስ መጡ። ሌሊት ያደረች ቀዝቃዛ መኪና ነች። ሞተሩን አስነሡና ከራዲያተሩ ግርጌ የሚወጣውን ወፍራም የጎማ ቱቦ እንድይዝ አደረጉኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ለብ ማለት ሲጀምር ቱቦውም በእጄ ውስጥ አብሮ ለብ አለ። «ይኸው» አሉ። «ይህ ቱቦ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ውኃውን የሚያግተው ነገር የለም ማለት ነው።»

ከፈቱት። ቴርሞስታቱ ያለበት ቤት ባዶ ነው። አንድ ጊዜ፣ ስንት ዓመት እንደሆነ አላስታውስም፣ መኪናዋ ሞቃ ቆማብን ነበር። ያኔ የሆነ መካኒክ «ይሄ ነገር አያስፈልጋትም» ብሎ አውጥቶት ኖሯል። ቴርሞስታት ማለት ትንሽ በር ናት። ውኃው 82 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር አታሳልፈውም። እሷ ከሌለች ውኃው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ በአጭር መንገድ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም። የሞተሩ ኮምፒዩተር ደግሞ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን ይጨምራል። እኔ ከቤቴ ሜክሲኮ እስክደርስ ሞተሬ «ገና ነኝ» እያለ ነበር የሚጠጣው። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ሁልጊዜ ዝቅ ብላ ስለምትቆም እኔ ደስ ይለኝ ነበር። አትሞቅም፣ ጎበዝ መኪና ናት እል ነበር።

አዲስ ቴርሞስታት ገባ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አዞሩ። የቀኙ የኋላ ጎማ ይዟል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ኖሯል። አጸዱት፣ ግራሶ ቀቡት። የአዲሶቹን ጎማዎች ንፋስም በሩ ላይ በተለጠፈው ልክ ሞሉት። የድሮዎቹ ሁለቱ ከዚያ ዝቅ ብለው 22 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ ነበሩ። ጣሪያው ላይ ከመስቀል ጀምሮ ባዶውን የተጫነውን ፖርታ ባጋልዮም አወረድነው።

ጥቅምትንና ኅዳርን እንደ ድሮው መዘገብኩ። ዘንጉ ቦታው ላይ ነው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል። በሊትር 8.9 ኪሎ ሜትር ሄደች። በዚያው በ700 ኪሎ ሜትር ከድሮው ጋር ሲነጻጸር 13 ሊትር ከግማሽ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። በ101 ከ47 ሲባዛ 1,360 ብር ገደማ በወር ነው። ዘንጉን በማስወጣት ካገኘሁት አራት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ነው የደመርኩት።

እንግዲህ ነዳጅ ይበላል ተብሎ አንድ ነገር ከመኪናዬ ወጣ። እውነተኛው በሽታ ደግሞ ቀድሞ የወጣ ሌላ ነገር ነበር። ጋራዦቻችን ላይ ይህ ልማድ ሆኗል። ይሞቃል? ቴርሞስታቱ ይውጣ። ድምፅ አለው? ይውጣ። ይበላል? ዘንጉ ይውጣ። መካኒኮቹን ክፉ ናቸው ብዬ አላምንም። ወጣቱ ልጅ የነገረኝን ራሱም አምኖ ነው የነገረኝ። መለዋወጫ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይገኝም። ደንበኛውም ዛሬውኑ ርካሽ መፍትሔ ይፈልጋል፣ እኔም ፈልጌ ነበር። ግን ልጁ አንድም ቀን ከማውጣቱ በፊትና በኋላ ልለካ አላለም። እኔም አላልኩም።

ስለዚህ የደብል ዲፈረንሻል መኪና ባለቤቶችን የምለምነው ይህን ነው። ዘንጉን አውጡ የሚላችሁ ሲመጣ የእኔ መኪና የትኛው ዓይነት ነው ብላችሁ ጠይቁ። መሀለኛ ዲፈረንሻል አለው? በምን ይታሰራል? ዘንጉ ሲወጣ የቀረው ብረት መዞሩን ያቆማል ወይስ አያቆምም? መልስ ካላገኛችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከዚያ በፊት ግን ማልዳችሁ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ያን የጎማ ቱቦ ያዙት። ገንዘብ አያስከፍልም። አሥር ደቂቃ ነው። የሚወጣ ዕቃ ካለም ተቀብላችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። የጎረቤቴ ዘንግ የት እንዳለ ዛሬ ማንም አያውቅም።

የጋራዥ ባለቤቶችንም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከመኪና ላይ ያወጣችሁትን ነገር ደረሰኙ ላይ ጻፉት። «ቴርሞስታት ወጥቷል» የምትል አንድ መስመር ብትኖረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ቤንዚን በከንቱ አላቃጥልም ነበር።

የመዘገብኩበት ደብተር ከነቴሌብር መልእክቶቹ ግልባጭ ተዘጋጅቷል። ማየት የሚፈልግ አንባቢ ወይም ለተማሪዎቹ ማሳየት የሚፈልግ የአውቶ መካኒክ መምህር ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ያሳውቅ፤ ፎቶ ኮፒውን በራሴ ወጪ አመጣለሁ። ጥር ላይ አገር ቤት ስለምሄድ ከዚያ በፊት ቢሆን ይሻለኛል። አጎቴ የመለሳት ሣር ይዛ እንደሆነ ለማየት ቸኩያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ከአየር ጤና፣ አዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል)
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.